የፈቃደኞች ሥራና የሪፖርት ነገር

ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው «ሥራህ ከምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ነውር ይመስለናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ይኸውም ከደመወዝተኛው ይልቅ ፈቃደኛው የሥራውን ሁኔታ አዘውትሮ ማስታወቅ እንደሚገባው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ደመወዝተኛ ከሥራው ቢቀር አለቃው ይጠይቀዋል። ፈቃደኛው ግን ፈተና ቢደርስበት ወይም ቤተሰቡ ቢታመምበት ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል፤ ጓደኞቹም እየሠራ ነው ብለው ይጠብቃሉ። እንግዲህ ሥራውን የሚያበላሸው የሰውየው መቅረት ሳይሆን መቅረቱ አለመታወቁ ነው።

ይህን እኛው ራሳችን አይተነዋል። አንድ ክረምት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወዳለው የእንጦጦ ተዳፋት ወጥተን ችግኝ ተከልን። የተተከለው ተቆጥሮ ተጻፈ፤ ተጨበጨበም። በበጋ ውሃ የሚያጠጡ ተረኞች ተመድበው ነበር፤ ነገር ግን ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ቀረ የሚያስታውቅ አልነበረም። በሚያዝያ ብንወጣ አብዛኛው ደርቆ አገኘነው። እያንዳንዱ ተረኛ ሌላው የወጣ መስሎት ነበርና ጥፋቱ የሁላችን ሆነ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ሥራው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የተተከለውን መቁጠር የሪፖርቱ መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው የጸደቀውን መቁጠር ነው።

መድኃኒቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በየካ እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ እድር አለ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ጎረቤቶች ናቸው። አባላቱ በተወሰነው ቀን ይሰበሰባሉ፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ገቢና ወጪው በጉባኤ ፊት ይነበባል። ማንም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አይቀየምም፤ ሒሳቡ መነበቡ ለገንዘብ ያዡም መከበሪያው ነውና።

በዘመናችን ደግሞ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ፈቃደኞች በዓለም ዙሪያ ተበትነው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው አፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የነዚህን ቡድኖች ሥራ በእድር መሰል ሥርዓት ይዞታል። እያንዳንዱ ቡድን በየሦስት ወሩ ለቦርዱ ሪፖርት ያቀርባል፤ አዲስ ቡድን ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ ያቀርባል። የሚጠየቀውም ምን እንደ ተሠራ፣ ማን አዲስ እንደ ገባ፣ ምን ችግር እንዳለ ነው። ያላቀረበ በሚቀጥለው ወር እንዲያቀርብ ይጠየቃል። «በዚህ ጊዜ ብዙ አልሠራንም» ማለት ስንኳ ነውር አይደለም፤ የሚያሠጋው ዝምታ ነው። የሚንከባከበው ሰው ያጣ ሥራ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አቲክ» ወደሚባል ስፍራ ይወጣል፤ በእኛ ቋንቋ ቆጥ ማለት ነው። የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው እዚያ በግልጽ ይቀመጣል እንጂ በስውር አይሞትም።

ወንድሞችና እህቶች፤ ኅብረታችንም በፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮሚቴ በየወሩ ሦስት ነገር ይጻፍልን፤ ምን ሠራን? ምን ቀረን? ምን አቃተን? ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሦስተኛውን በእውነት የሚጽፍ ኮሚቴ አይወቀስ፤ ይልቁንም ይረዳ። «አልቻልኩም» የሚል ቃል በጊዜው ቢደርሰን ኖሮ፣ ሌላ ሰው ባልዲውን አንሥቶ ወደ እንጦጦ በወጣ ነበር።