ሁለቱ በቀቀኖቻችን አንድ ጫካ ይኖራሉ፤ ዘመዶቻቸው ግን በሁለት ውቅያኖስ ማዶ ናቸው

በቀቀን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቲክቶክ ላይ የሚያወራው ወፍ ነው። የራሳችን በቀቀኖች እንዳሉን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዷ እንደውም ከኛ ከአቃቂ ቃሊቲ ሳትርቅ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ዛፍ በበዛባቸው ግቢዎች ትታያለች።

ትንሽ ናት፤ መልኳ አረንጓዴ፣ ጅራቷ አጭር፣ የክንፏ ውስጥ ጥቁር። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ግን ቀይ የላትም። የሾላና የጥድ ፍሬ ትበላለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዱር አትገኝም።

ሁለተኛዋ ተለቅ ትላለች፤ ፊቷ ቢጫ ነው። እሷ ደግሞ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። መናገሻ ሱባ ጫካ ሁለቱም ይኖራሉ።

እህትማማች ይመስላሉ አይደል? አይደሉም!

የትንሿ ወገን 9 ዝርያዎች አሉት፤ 8ቱ በአፍሪካ ዋና ምድር፣ 1ዱ ማዳጋስካር ላይ። ዲኤንኤ ሲመረመር ግን የቅርብ ዘመዶቻቸው የተገኙት ወደ ምሥራቅ፣ ከህንድ እስከ ኒው ጊኒ ባለው አካባቢ ነው። እዚያ ተዘቅዝቀው የሚተኙ ትንንሽ በቀቀኖች አሉ።

ባለ ቢጫ ፊቷስ? የሷ ወገን የሚዛመደው ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከደቡብ አሜሪካ በቀቀኖች ጋር ነው።

«አህጉሮቹ ሲለያዩ ተለያይተው ይሆናላ» ትሉ ይሆናል። ግን አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ከተለያዩ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ የወፎቹ መለያየት ከዚያ በጣም የዘገየ ነው። ስለዚህ ባሕር የተሻገሩ ቅድመ አያቶች ነበሩ ማለት ነው።

እኛ ጋ ሲደርሱ ለምን ለብቻቸው ዝርያ ሆኑ? መልሱ ደጋው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ላቫ እየተደራረበ ለዛሬው ተራራማ ምድራችን መሠረት ጣለ። ዙሪያው ሞቃትና ደረቅ ቆላ ነው። ለጫካ ወፍ ቆላው እንደ ባሕር፣ ደጋው እንደ ደሴት ማለት ነው። ደሴት ላይ ተነጥሎ የቀረ ወፍ ደግሞ በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ሌላ ዝርያ ይሆናል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም የሚፈለፍሉት የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ጥሩ ሽንቁር ያለው ደግሞ ያረጀ ዛፍ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ ቆርጠን 10 ችግኝ ብንተክል ጥሩ ነው። ግን ችግኙ አድጎ ሽንቁር እስኪያወጣ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ወፏ እስከዚያ የት ትጠብቅ? ከደሴቷ ውጪ መሄጃ የላትም።

እንደኛ ፋብሪካና ግንባታ በበዛበት ሰፈር፣ አሮጌ ዛፍ ፈልጉ ብትባሉ መጀመሪያ የምትሄዱት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በዚያ ስታልፉ ቀና በሉ። አረንጓዴ ነገር ጮኻ ከበረረች ፎቶ አንሱና ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ሰፈራችሁ ያለው አሮጌ ዛፍ ሊቆረጥ ነው ሲባልም «ማን ይኖርበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።