ጀልባ የሚጎትት አሮጌ ላንድክሩዘር፦ ወጪው ከየት ይጀምራል?

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ሎጅና ሪዞርት የገነቡ ባለሀብቶች ጀልባን የሥራቸው አንድ አካል ካደረጉት ቆይተዋል። ጀልባው ከጅቡቲ ተጓጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰና ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ግን ብዙዎች አስቀድመው ያላሰቡበት ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጀልባ እስከ ላንጋኖ ወይም እስከ ሐዋሳ በምን ይሄዳል? በኪራይ አይሱዙ ወይስ ግቢ ውስጥ በቆመው አሮጌ ላንድክሩዘር?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የዛሬው ገበያ አክብዶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌና ትልቅ ሞተር ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመሆኑም በ1980ዎቹ የገባ ላንድክሩዘር እንደ ድሮው «ያረጀ መኪና» ብቻ አይደለም፤ ቢበላሽ በቀላሉ የማይተካ ንብረት ነው። ንብረቱን አንድ ቶን እንዲጎትት ከማዘዝ በፊት ማስላት ተገቢ ነው።

ስሌቱ ሲሠራ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። «ለመጎተት ማዘጋጀት» ተብሎ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለመጎተት የሚወጣ አይደለም። ባለመኪናው ለዓመታት ሲያሳድረው የኖረ የጥገና ዕዳ ነው፤ ጀልባው ዕዳውን ባንድ ቀን ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት ሚዛን

ጀልባ ሻጭ የሚናገረው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የጀልባውን አካል ብቻ ነው። ለምሳሌ 5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን ጀልባ እንውሰድ። አካሉ 450 ኪሎ፣ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ 115 ኪሎ፣ ተሳቢው 300 ኪሎ፣ 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ፣ ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ገመድና የሕይወት አድን ጃኬቶች 90 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 1,000 ኪሎ ይሆናል። «450 ኪሎ» ተብሎ የተገዛው ጀልባ መንገድ ላይ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ጀልባውን ከነተሳቢው የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ማውጣትና የተገኘውን ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ጋር ማስተያየት ይገባል።

ሁለተኛው ቁጥር ተሳቢው በጋንቾው ላይ ቁልቁል የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ለጀልባ ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ በምሳሌያችን ከ50 እስከ 100 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሲበዛ የመኪናው ኋላ ተጭኖ የፊት ጎማዎች መሬት የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል። መፍትሔው ጀልባውን በተሳቢው ላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ ማሸጋሸግ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፍሬን ከጉልበት ይቀድማል

ባለመኪናዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይጎትታል ወይ?» ብለው ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ያቆማል ወይ?» የሚለው ነው። ከ2.2 ቶን በላይ የሚመዝነው ላንድክሩዘር አንድ ቶን ሲጨመርበት፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ የመኪናው ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚሸከመው ሙቀት ከ40 በመቶ በላይ ያድጋል። በብዙ አገሮች ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሮጌ መኪና ላይ በቸልታ የሚታለፈው የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ከጊዜ ብዛት እርጥበት ሲስብ ግን የመፍያው መጠን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ከሁሉም ሥራ ርካሹ ነው። ሸራው፣ ዲስኩና የጎማ ቱቦዎቹ ተከታትለው መታየት አለባቸው። ሹፌሩም ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ይኖርበታል። በተለይ ወደ ጣና የሚወስደውን የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ለሚያቋርጥ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ መንገዱ በእያንዳንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል።

ከፍታውና ራዲያተሩ

በአገራችን በብዛት የሚታየው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ130ው የሚቀረው ወደ 100 ይጠጋል። ጀልባውን ለክረምት ወደ አዲስ አበባ የሚመልስ ሰው ከሞጆ ጀምሮ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣው በዚህ በተቀነሰ ጉልበት ነው።

አንዳንዱ ባለመኪና ይህን ሲሰማ ቱርቦ ለማስገጠም ይቸኩላል። የተደፈነ ራዲያተር ባለው ሞተር ላይ ቱርቦ መጨመር የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለማቃጠል ገንዘብ እንደ መክፈል ነው። ቅደም ተከተሉ ራዲያተሩን አስፈትቶ ማስጠረግ፣ ቴርሞስታቱን፣ የውኃ ፖምፓውን፣ ማኒኮቶዎቹንና ቺንጊያውን ማስፈተሽ ነው። የሞተሩ የውስጥ ቀበቶ የተለወጠበት ኪሎ ሜትር ካልታወቀም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ መለወጥ ይበጃል። ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱን ለማወቅ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጠት በቂ ነው፤ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ አልቋል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ጋንቾ፣ ጎማና ኩሽኔታ

ጋንቾው ከመከላከያው ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በብሎን መታሰር አለበት። በየመንደሩ ከቱቦላሬ ተበይዶ የሚሠራው ጋንቾ ዋጋው ቢስብም ብየዳው ከዝገት ጋር ሲገናኝ የሚለቀው ዳገት ላይ ነው። የጋንቾው ኳስና የተሳቢው ቆብ ልካቸው አንድ ይሁን፤ የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሰንሰለት ከሥር ተመሳቅሎ ይታሰር። የደከመ የኋላ ሞላም ይለወጥ።

የተሳቢው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ፀሐይ ላይ ቆሞ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በጎኑ ላይ የተጻፉት አራት አኃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

ሐይቁ ዳር የሚፈጸም ሌላ ስሕተት አለ። ከረዥም ጉዞ በኋላ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ ኩሽኔታው በመልስ ጉዞ ይነክሳል። ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ማቀዝቀዝ ይበቃል። የላንድክሩዘሩ የኋላ ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል። ጀልባው ሲወርድ ከጎማው ኋላ ታኮ ይደረግ፣ የመብራቱም ገመድ አስቀድሞ ይነቀል።

ሂሳቡ ሲወራረድ

የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢው የራሱን ዋጋ ይተካባቸው። ጠቅላላ የማዘጋጃ ወጪው 300,000 ብር፣ የአንድ ጉዞ የአይሱዙ ኪራይ ከማውረጃው ጋር 35,000 ብር፣ በራስ መኪና ሲሆን ነዳጅና እርጅናው 10,000 ብር ነው እንበል። በየጉዞው 25,000 ብር ይተርፋል፤ ወጪው በ12 ጉዞ ይመለሳል። ጀልባውን በዓመት ሁለቴ ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ስድስት ዓመት ነው፤ አይሱዙ ይከራይ ያሰኛል።

ይሁንና ከ300,000 ብር ውስጥ 180,000ው ለፍሬን፣ ለራዲያተር፣ ለፍሪሲዮንና ለሞላ የወጣ ከሆነ መኪናው ጀልባ ባይጎትትም የማይቀር ወጪ ነበር፤ ሲሸጥም ዋጋውን ይደግፋል። ለመጎተት ብቻ የወጣው 120,000 ብር ሲሆን በአምስት ጉዞ ይመለሳል። ሁለቱን ሂሳብ ሳይለዩ የሚወስኑ ሰዎች ወይ አዋጩን ሥራ ይተዋሉ፣ ወይ ከሁሉ በፊት ጋንቾ አስገጥመው ዕዳውን መንገድ ላይ ይከፍላሉ።

ይህ ለደላሎችና ለመኪና ገዢዎችም ይጠቅማል። ጋንቾ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር ለሽያጭ ሲቀርብ የጋንቾውን ማማር ከማየት ይልቅ የኋላውን ሻንሲ ስንጥቅ፣ የራዲያተሩን ውኃ ቀለምና የፍሪሲዮኑን አያያዝ መመርመር ይበልጣል። ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚገዛም ከዋጋው በፊት የዕቃውን ዋናነት ያጣራ። ከመንገድ በፊትም ተሳቢው ሰሌዳ እንዳለውና ኢንሹራንሱ ተሳቢውን እንደሚሸፍን ከኩባንያው በጽሑፍ መቀበል የመጨረሻው ወጪ ቆጣቢ ሥራ ነው።