መብራት ሲጠፋ የሚጠራ ድምፅ

የሸክላ ማጫወቻውን ገመድ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ኦክስ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ብትሰኩት የሚወጣው ድምፅ ያሳዝናል። ይቀጥናል፣ ይርቃል፣ ቤዙ የት እንደገባ አይታወቅም። ወዳጆቼ፣ ሸክላውን አትውቀሱት፤ ስፒከሩም ደኅና ነው። የጎደለው ጉልበትና ሚዛን ነው። ከመርፌው ጋር የተያያዘው ካርትሪጅ የሚያመነጨው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የአንድ ቮልት 5 ሺኛ ማለት ነው። ይህን መቶ ጊዜ ያህል አሳድጎ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ዕቃ ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ባለ 8 እግር አንዲት ቺፕ፣ አንድ እፍኝ የማይሞሉ ሬዚስተርና ካፓሲተሮች፣ እንዲሁም ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ካላችሁ ሳንጃ ከተማ ተቀምጣችሁ ትሠሩታላችሁ።

ሚዛን ያልኩትን ላስረዳ። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ እንዳለ ቢገባ የቦዩ ጥምዝምዝ እየሰፋ ከጎኑ ያለውን ቦይ ይነካል፣ መርፌም ይዘላል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንዳለ ቢገባ ከሸክላው ሽሽታ በታች ይቀራል። ስለዚህ ቀራጩ ሆን ብሎ ቤዙን ይቀንሳል፣ ቀጭኑን ያጎላል፤ አጫዋቹ በተራው ያንኑ መቀልበስ አለበት። በምን ያህል መጠን የሚለውን እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ይወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር አንድ ልክ አወጣ፤ ዓለም ሁሉ ዛሬም በማኅበሩ አኅጽሮት አርአይኤኤ ብሎ ይጠራዋል። ልኩን የሚወስኑት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ 3180፣ 318 እና 75 ማይክሮሰከንድ። ከ1,000 ኸርዝ አንጻር ሲታይ ፕሪአምፑ 20 ኸርዝን በ19 ዴሲቤል ገደማ ያነሳል፣ 20,000 ኸርዝን ደግሞ በ20 ዴሲቤል ገደማ ያወርዳል።

ይህ ልክ ለእኛ ሸክላዎች በደንብ ይሆናል። ሸክላ አሳታሚው አማኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ የነበረውን ብቸኛ የሸክላ የማሳተም መብት ደፍሮ በ1969 የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ አርአይኤኤ ከወጣ 15 ዓመት አልፎታል። ሸክላዎቹ የሚታተሙት መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ነበር። አማኃም ሆነ ካይፋ ሪከርድስ ወይም ፊሊፕስ ያወጡትን ባለ 45 ዙር ሸክላ በዚሁ ሚዛን ታጫውቱታላችሁ። የማይሆነው ለእነ ተሰማ እሸቴ ነው። ነጋድራስ ተሰማ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሲቀረጹ ለቀረጻ ማይክሮፎን ገና አይሠራበትም ነበር፤ በቀንድ መሰል ቱቦ ነው የተቀዳው። እሱ ሌላ ፕሪአምፕ፣ ሌላ መርፌም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቺፑ። ቺፑ ኦፕ-አምፕ ይባላል፤ አንድ ግትር ጠባይ አለው፤ ሁለቱ መግቢያዎቹ እኩል ቮልት እንዲኖራቸው መውጫውን ያለማቋረጥ ያስተካክላል። የመርፌውን ድምፅ ለአንደኛው መግቢያ ሰጥታችሁ ከመውጫው ጥቂቱን ብቻ ቀንሳችሁ ለሁለተኛው ብትመልሱለት፣ የተመለሰው ከመርፌው ጋር እስኪተካከል ድረስ መውጫውን ይገፋል። መቶኛውን ከመለሳችሁለት መቶ እጥፍ ይገፋል። እዚህ ላይ ነው ውበቱ፤ በመመለሻው መንገድ ላይ ካፓሲተር ብታስቀምጡ ቀጭኑ ድምፅ በቀላሉ ስለሚያልፍ ብዙ ይመለሳል፣ ስለዚህ ቺፑ ቀጭኑን እምብዛም አያሳድገውም። ቤዙ ግን ማለፍ ስለሚቸግረው ጥቂት ይመለሳል፣ ቺፑም አብዝቶ ያሳድገዋል። ማሳደጉና ሚዛን መጠበቁ በአንድ ጊዜ አለቀ ማለት ነው።

ልኮቹ እነሆ። ከመውጫው (እግር 1) ወደ ተቀናሽ መግቢያው (እግር 2) ሁለት ጥንዶች በተከታታይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ጥንድ 270 ኪሎኦምና 12 ናኖፋራድ ጎን ለጎን፣ ሁለተኛው 22 ኪሎኦምና 3.3 ናኖፋራድ ጎን ለጎን። ከእግር 2 ወደ መሬት (ግራውንድ) 330 ኦም፣ ተከትሎት 220 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ። የመርፌው ገመድ እግር 3 ላይ ይገባል፤ ከዚያ ወደ መሬት 47 ኪሎኦምና 100 ፒኮፋራድ። በ1,000 ኸርዝ 90 እጥፍ ያህል ያሳድጋል፤ 5 ሚሊቮልቱ 450 ይሆናል። ይህ ለአንድ ጆሮ (ለግራው ወይም ለቀኙ) ነው፤ ሌላኛው ጆሮ በቺፑ ሌላኛው ግማሽ በተመሳሳይ ይሠራል። ሁለቱ የኃይል እግሮች አጠገብ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ለየብቻ በይዱ፤ ያለ እነሱ ቺፑ ብቻውን ማፏጨት ሊጀምር ይችላል።

ሰው ማሻሻል ሲጀምር መጀመሪያ የሚሮጠው ቺፑን ሊቀይር ነው። አልፈርድም፤ ሶኬት ላይ ከተቀመጠ ነቅሎ ሌላ መሰካት ያስደስታል። በርካሽ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የሚገኘው 4558፣ ቲኤል072፣ ኤንኢ5532፣ ኦፒኤ2134፣ የሁሉም እግር አሰላለፍ አንድ ነው። ግን እኔን ከጠየቃችሁ ቺፑ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ከሱ በፊት ሚዛኑን የሚወስኑት አራቱ ትንንሽ ካፓሲተሮች ይታዩ፤ በየጆሮው ሁለት ናቸው። ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ክብ ሴራሚክ ብዙ ጊዜ ከተጻፈበት ልክ 20 በመቶ ይርቃል፤ 3.3 ናኖፋራዱ 20 በመቶ ቢያንስ ቀጭኑ ድምፅ በ1.5 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል። ያ በጆሮ ይሰማል። በዚያ ላይ ብዙ ርካሽ ሴራሚኮች ሙቀት ሲጨምር አቅማቸው ይወርዳል፤ የሳንጃ የመጋቢት ቀትር ደግሞ ምሕረት የለውም። ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ፈልጉ፤ ካፓሲተር በሚለካ መልቲሜትር ለክታችሁ ለግራና ለቀኝ ተቀራራቢውን አጣምሩ። ኤሌክትሮሊቲኩም 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ሙቀቱ ሸክላውንም ያጣምማል። የተጣመመ ሸክላ ሲዞር ጆሮ የማይሰማው ዝግተኛ ሞገድ ይፈጥራልና የስፒከሩ ወረቀት ወዲያ ወዲህ ሲል በዓይን ይታያል። 220 ማይክሮፋራዱን በ47 ቀይሩት፤ ከ10 ኸርዝ በታች ያለው መቀነስ ይጀምራል፣ ዘፈኑ ግን ብዙም አይነካም።

ቀጥሎ ጉምታ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ፕሪአምፑ ደግሞ 50 ኸርዝን ከ1,000 ኸርዝ 7 እጥፍ አብልጦ ያሳድጋል። 90 በ7 ሲባዛ 630 ነው! ከግድግዳው ሽቦ የሾለከች ኢምንት ነገር ስፒከሩ ላይ ትልቅ ጉምታ ትሆናለች። ለዚህ ነው የወተቱ ቆርቆሮ፤ ከሰርኪዩቱ መሬት ጋር ተገናኝቶ ይከልላል። የማጫወቻውንም የመሬት ሽቦ እዚያው እሰሩት፣ ስልካችሁን አርቁት። ትራንስፎርመሩን ጨርሶ ለማስወገድ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃል፤ ኤንኢ5532 በተለምዶ 8 ሚሊአምፔር ስለሚበላ አንድ ጥሩ አልካላይን ጥንድ 60 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። መብራት ጠፍቶ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩም በባትሪ ሲሠሩ ደግሞ ከሁሉ የጠራው ድምፅ ይሰማል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚጎማ ነገር የለማ። ርካሽ ኢንቨርተር ግን አታምጡብኝ፤ ጉምታውን በዝዝታ ይተካዋል።

የሶላሩን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለሁለት ከፍዬ ልጠቀም የምትሉ ተጠንቀቁ። መካከለኛውን ነጥብ መሬት ታደርጉታላችሁ፤ የመኪና አምፕሊፋየር ከዚያው ባትሪ ላይ ካለ ግን የሱ መሬት የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። ገመዱን የሰካችሁ ጊዜ ሁለቱ መሬቶች ይገናኙና የባትሪው ግማሽ ሾርት ይሆናል። ለፕሪአምፑ የራሱን ባትሪ ስጡት።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማጫወቻ ካላችሁ ደግሞ ይህን ሳታዩ ፕሪአምፑን አትውቀሱ። የ110 ቮልቱን ችግር ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ነገር ግን አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው፤ ለ60 የተሠራው በእኛ 50 ላይ 45ቱን ዙር 37.5 ያደርገዋል። ጥላሁን ገሠሠ ሦስት ሴሚቶን ወርዶ፣ ተጎትቶ ይዘፍናል። ዲሲ ሞተር ያለው ይህ ችግር የለበትም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ቺፑን ቀይሩ። ቲኤል072ን በኤንኢ5532 ስትተኩ የባዶው ሽሽታ ይቀንሳል፤ መርፌው ብዙ ቤት የዞረ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ግን የሸክላው ጭረት ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ለእንደዚያ ዓይነት ሸክላ ከውድ ቺፕ የሚበልጥ ማሻሻያ አለ፤ የሞኖ ማብሪያ ማጥፊያ። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ 1 ኪሎኦም በተከታታይ አስገቡ፣ ከሬዚስተሮቹ ወዲያ ግራና ቀኙን በማብሪያ ማጥፊያው አገናኙ። ያለ ሬዚስተሮቹ ካገናኛችኋቸው ሁለቱ የቺፑ ግማሾች ይታገላሉ። በሞኖ የተቀዳ ዘፈን መርፌውን የሚያወዛውዘው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ ብዙው አቧራና ጉዳት ግን ወደ ላይና ወደ ታችም ያዘልለዋል። ግራና ቀኝ ሲደመሩ የላይና የታቹ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዘፈኑ ይቀራል።