የተኮላሸ ድመት እስኪድን ድረስ ስለሚገባው ጥበቃ

ለሰው በእንስሳት ላይ የተሰጠው ሥልጣን የባለአደራ ሥልጣን እንጂ የጨካኝ ሥልጣን አይደለም። የነነዌ ሰዎች ንስሐ በገቡ ጊዜ ከብቶቻቸውም አብረው እንደ ጾሙ፥ ምሕረቱም በመጣ ጊዜ ለከብቶቹ ጭምር እንደ መጣ በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የምናስበው ነገር ነው። ስለዚህ የእንስሳ ሕመም በሊቃውንት ፊት ሊነሣ የማይገባው ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ያስታውስ።

የመቀሌ ከተማ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ሆና ያደገች፥ ከአፋር በረሓ በግመል ተጭኖ ለሚመጣው የአሞሌ ጨው ገበያ የሆነች ከተማ ናት። ገበያና ጎተራ ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። አይጥ የገበሬውን ስንዴና ገብስ ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑንም የብራና መጽሐፍ ይበላል፤ ይህንም የዕቃ ቤት ጠባቂዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እንግዲህ ድመት ደመወዝ ሳይቀበል የሚሠራ ዘበኛ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሌሊቱን ሲዞርና ሲጣላ ያድራል፤ ቆስሎ ይመለሳል፤ በንክሻም በሽታ ይይዘዋል፤ የቤቱንም ግድግዳ በሽንቱ ያገማዋል። ሴቲቱም ከሁለት ወር በጥቂት በሚበልጥ እርግዝና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ልትወልድ ስለምትችል፥ የሚያሳድጋቸው የጠፋ ግልገሎች በየቦዩ ተጥለው ይሞታሉ። ማኮላሸት ፍጥረትን መለወጥ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ያረሰለት በሬ ወይፈን ሳለ የተኮላሸ መሆኑን፥ ለበዓል ያረደውም ሙክት እንዲሁ መሆኑን ያስብ። ልዩነቱ የአሠራሩ ነው። ድመትን በቤት ውስጥ በምላጭ ማኮላሸት ጭካኔ ነው፤ በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋልና። መቀሌም በዚህ ነገር ዕድለኛ ናት፤ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፥ በቃላሚኖ ግቢ፥ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ አላትና።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ድመቱ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከምግብ እንዲከለከል ያዝዛል። ሆዱ ሞልቶ በማደንዘዣ የተኛ እንስሳ ቢያስመልሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ይህን ትእዛዝ መጣስ አደገኛ ነው። ግልገል ግን ረጅም ጾም ስለማይችል ሰዓቱን ሐኪሙ ይወስናል።

ከሁሉ የምትከብደው የመጀመሪያዪቱ ሌሊት ናት። ማደንዘዣው ፈጽሞ እስኪለቀው ድረስ ድመቱ ይንገዳገዳል፤ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የድንጋይ ወለል ብርዱ ብርቱ ነው። ስለዚህ በወፍራም ጨርቅ ላይ፥ ጸጥ ባለና በተዘጋ ክፍል፥ ብርሃኑ ደብዘዝ ባለበት ይተኛ። ከአልጋና ከመደርደሪያ ላይ ወጥቶ እንዳይወድቅ መሬት ላይ ይሁን፤ ከልጆችና ከውሻም ይራቅ። ከሰል አንድዶ ክፍሉን ማሞቅ ግን አይገባም፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ሰውንም ድመትንም ይገድላልና። ፈጽሞ ከነቃ በኋላ ጥቂት ውኃ፥ ሳያስመልሰው ከቈየም ከወትሮው ምግብ ግማሹን ያህል ይሰጠው።

በወንድ ድመት ላይ የሚሠራው ቍስል ትንሽ ነው። ሐኪሙ የቆለጡን ከረጢት በጥቂቱ ሰንጥቆ ፍሬዎቹን ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይሰፋው ይተወዋል፤ ቍስሉ ራሱ ይገጥማልና። ባለቤቱ ስፌት ባለማየቱ አይደንግጥ። ዋናው ሥራ ለ10 ቀን ያህል ንጽሕናን መጠበቅ ነው። በእነዚህ ቀኖች ድመቱ አይታጠብ፤ ከደጅም አይውጣ። በአሸዋና በአመድ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ ትቢያው በቍስሉ እንዳይጣበቅ በምትኩ የተቀዳደደ ወረቀት ይነጠፍለት፤ አንባቢ የትናንቱን ጋዜጣ ለዚህ ቢያውለው አንቀየምም። ቍስሉን አብዝቶ የሚልስ ከሆነ ፊቱን እንደ ጥላ የሚከብ የአንገት መከላከያ ከሐኪሙ ይቀበል። ቅቤ፥ አመድ፥ በረኪና ወይም እንደ ዴቶል ያለ መድኃኒት በቍስሉ ላይ ማድረግ ክልክል ነው፤ ድመት ሰውነቱን በምላሱ ስለሚያጸዳ የተቀባውን ሁሉ ይውጠዋልና።

አሁን የምንጽፈውን ግን አንባቢ አጥብቆ ይያዘው። ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያበርድበት ኀይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ መድኃኒቱ የደሙን ቀይ ሕዋሳት ያበላሻል፤ ድዱም ይጠቍራል፤ ፊቱና እግሩም ያብጣል፤ ትንፋሹም ያጥራል። አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድለው ትችላለች። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው ከርኅራኄ የተነሣ፥ ሕመሙ ይቅለልለት ብሎ የሚወደውን እንስሳ በዚህ ይገድለዋል። የሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ ይሰጥ። የአይጥ መርዝም ከቤት ይወገድ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የበላ ድመት ከእርስዋ ጋር ይመረዛልና።

ስለ ምግብ ደግሞ ለጾመኛ ቤት አንድ ቃል እንጨምራለን። ድመት በተፈጥሮው ሥጋ በል ነው፤ በሽሮና በእንጀራ ብቻ ጤናው አይጠበቅም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን በቤቱ ሥጋና ወተት የማይገባበት ክርስቲያን ለቍስለኛ ድመቱ ጥቂት ሥጋ ቢገዛለት ጾሙን አላፈረሰም፤ ጾሙ የባለቤቱ እንጂ የድመቱ አይደለምና።

ደሙ የማያቋርጥ፥ እብጠቱ ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር፥ ከቍስሉ መግልና ክፉ ሽታ የሚወጣ ቢሆን፥ ወይም ድመቱ አንድ ሙሉ ቀን ምግብ እንቢ ቢል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ለመሽናት እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ግን እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅ፤ የሽንት መታገድ ወንድ ድመትን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድለዋልና።

ከዳነ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል ከሴት ድመት ይለይ። ወፍራምና ሰነፍ እንዳይሆንም ምግቡ በልክ ይሁን። አይጥ ማደኑን ይተዋል ብሎ የሚፈራ ሰው አይስጋ፤ ድመት ብትመነኩስ ዐመሏን አትረሳም የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነቱ ይታያል። ጠቡና ዙረቱ ይቀንሳል እንጂ አደኑ አይቀርበትም።

ሰው በተቸገረበት አገር ድመት ማስታመም ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በትግራይ የነበረው ጦርነት ሰውንም ከብትንም እንደ ፈጀ፥ የሰውንና የእንስሳትን ሕክምና እንደ ጐዳ ማንም አይስተውም። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሚጠይቀው አንድ ጨርቅ፥ አንድ የተዘጋ ክፍልና የ10 ቀን ትዕግሥት ነው፤ ከሰው አፍ የሚነጥቀው እህል የለም፤ ይልቁንም ከአይጥ አፍ እህልን ያድናል። እንግዲህ የከተማው ሹማምንት ሕዝቡን ከመርዝና ከምላጭ ወደ ሐኪም እንዲመሩት፥ ካህናቱም ለእንስሳ መራራት የሃይማኖት ሥራ መሆኑን እንዲያስተምሩት እናሳስባለን። ለማይናገረው ሕመምተኛ የሚራራ እጅ ለሚናገረው ወንድሙ መራራትን አይረሳም።