በትልልቅ ጎማዎች ጥገና ጊዜ ስለሚያስፈልግ ጥንቃቄ

የመንገድ መሥሪያ መኪና ጎማ ሲጠገን በቅድሚያ የሚያስፈራው ክብደቱ ነው፤ ዳሩ ግን በውስጡ የታመቀው አየር ከክብደቱ የማያንስ አደጋ አለው።

የብዙዎቹ ቸርኬ ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ጎማው እንዳይወጣ የሚይዘው በዳር የሚገባው የብረት ቀለበት ነው። በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 7 ኪሎ የሚገፋ አየር በ1000 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 7000 ኪሎ፣ ማለት የ70 ኩንታል ኃይል አለው። ቀለበቱ በሚገባ ካልተቀመጠ ወይም ዝገት ከበላው ይኸው ኃይል በሠራተኛው ላይ ይወረውረዋል።

ስለዚህ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል ነቅሎ አየሩን ፈጽሞ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ጎማው ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም። ሲነፋም ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይግባ፤ ሠራተኛውም ረጅም ቱቦ ይዞ ከቀለበቱ ትይዩ ገለል ብሎ ይቁም። አየር ያለበትን ቀለበት በመዶሻ መምታት አይገባም። ጎማው ሳይወልቅ ቸርኬውን መበየድም ክልክል ነው፤ ሙቀቱ ከላስቲኩ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ሊፈነዳ ይችላል።

በአሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ፍርግርጉን ማቅረብንና ሠራተኛውን ማሠልጠንን የአሠሪው ግዴታ አድርጓል። ይህም ተገቢ ነው፤ ፍርግርግ በሌለበት ጋራዥ የሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻውን ሕይወቱን አያድንምና።