ባለ ሦስት ማርሹ አሮጌ ብስክሌት

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ ርካሽ ዕቃም ሁሉ አይጠቅምም። ነገር ግን አሮጌም ርካሽም ሆኖ፥ ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ዘመን የሚያገለግል አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም የእንግሊዝ አገር ሥራ የሆነው ባለ ሦስት ማርሹ ብስክሌት ነው። ዛሬ ስለዚህ ዕቃ ለመጻፍ የተነሣነው፥ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በትንሽ ገንዘብ መጓጓዣ ሲፈልጉ ሊጠቅማቸው ይችላል ብለን ነው። ገዢው የሚመረምረውን ካወቀ ለዓመታት የሚሆን መጓጓዣ አገኘ ማለት ነው፤ ካላወቀ ግን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጥርሱንም ሊያጣ ይችላል።

በቅድሚያ ስለ አመጣጡ ጥቂት እንበል። ፍራንክ ቦውደን የተባሉ እንግሊዛዊ በ1888 ዓ.ም. (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኖቲንግሃም ከተማ የራሌይን የብስክሌት ኩባንያ አቋቋሙ። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ በእሳቸው አመራር ስተርሚ አርቸር የተባለው የማርሽ ፋብሪካ ተመሠረተ። ስሙ የተወሰደው ከሄንሪ ስተርሚና ከጄምስ አርቸር ነው። ይህ ፋብሪካ በ1936 ዓ.ም. ያወጣው «ኤ ደብልዩ» የተባለው ማርሽ በዓለም ላይ እጅግ ተሠራጨ። በ2000 ዓ.ም. ድርጅቱ ተሸጦ ሥራው ወደ ታይዋን ተዛወረ። ብስክሌቶቹ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ አሜሪካም ጭምር በብዛት ተልከው ስለ ነበር፥ ዛሬም በየጋራዡና በየምድር ቤቱ አቧራ ለብሰው ይገኛሉ።

የማርሹ ብልሃት በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ የተሸሸገ ነው። በመካከሉ 20 ጥርስ ያለው፥ ከማይዞረው ዘንግ ጋር የተያያዘ ትንሽ ማርሽ አለ። በውጭ በኩል 60 ጥርስ ያለው ቀለበት ይከበዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ አራት ታናናሽ ማርሾች በአንድ መያዣ ታቅፈው ይዞራሉ። ካቴናው ቀለበቱን ሲነዳና መያዣው ጎማውን ሲያዞር የጎማው ዙር በሩብ ይቀንሳል፤ ይህ የዳገቱ ማርሽ ነው። ተገልብጦ ካቴናው መያዣውን፥ ቀለበቱ ጎማውን ሲያዞር ዙሩ በሢሶ ይጨምራል፤ ይህ የሜዳውና የቁልቁለቱ ነው። መካከለኛው ሳይቀንስና ሳይጨምር በቀጥታ ይነዳል። ይህ ሁሉ በተዘጋ ብረት ውስጥ በዘይት ርሶ ስለሚሠራ ዝናብና ጭቃ በቀላሉ አይደርስበትም። ለረጅም ዕድሜው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለመግዛት ስንሄድ ከዝገቱ ይልቅ አጥንቱን እንመልከት። በላይ የሚታይ ዝገት በብዙው ተወልውሎ ይለቃል። ነገር ግን የፊተኛውን ጎማ የያዘው ሹካ ወደ ኋላ የታጠፈ እንደ ሆነ፥ ወይም ከመሪው በታች ቱቦዎቹ በሚጋጠሙበት ስፍራ ቀለሙ የተሸበሸበ እንደ ሆነ፥ ብስክሌቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነውና ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይሻላል። ቀጥሎ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተን ፔዳሉን እያዞርን ሦስቱን ማርሽ በየተራ እንሞክር። በሞዞው ላይ የታተሙት ቍጥሮች ሞዞው የተሠራበትን ዓመትና ወር ስለሚያመለክቱ፥ ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚናገረውን ለማመዛዘን ይረዳሉ። ጎማው ግን በኋላ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም።

ማርሹ ቢያንቀላፋ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥርሶቹ ማለቃቸው ሳይሆን አሮጌው ዘይት እንደ ሰም መርጋቱ ነው። በሞዞው ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ፥ አንድ ቀን አሳድሮ ማዞር በብዙው ይፈውሰዋል። የምግብ ዘይት ግን ይብሱን ስለሚያጣብቀው ፈጽሞ አይጨመርበትም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የማርሹ ሽቦ ነው። ሽቦው በደንብ ካልተስተካከለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ፔዳሉ ምንም ሳይዝ በባዶው የሚዞርበት ቦታ አለ። ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ ዳገት ሲረግጥ ይህ ቢደርስበት በድንገት ወደ ፊት ይደፋል። መድኃኒቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የማርሹን መቀየሪያ በሁለተኛው ላይ አድርገን፥ በቀኝ በኩል ባለው ዳዶ ቀዳዳ ብንመለከት ከትንሿ ሰንሰለት ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ እናያለን። የዘንጓ ትከሻ ከትልቁ ዘንግ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ሽቦውን ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደ አውራ ጎዳና መውጣት አይገባም።

ሁለተኛው አደጋ ፍሬኑ ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ቸርኬ በአብዛኛው ብረት ስለ ሆነ ዝናብ ሲመታው ፍሬኑ ይንሸራተታል። ስለዚህ የደረቁትን የፍሬን ጎማዎችና የዛጉትን ሽቦዎች በአዲስ መለወጥ፥ በዝናብም ቀን ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። አቅም ያለው ቸርኬውን በአሉሚኒየም ቢለውጠው ትልቅ ልዩነት ያገኛል።

ጎማ ሲገዙም ስሕተት አለ። የራሌይ ስፖርትስ ጎማ 26 ኢንች ይባላል፤ የተራራ ብስክሌትም ጎማ 26 ኢንች ይባላል። ነገር ግን የፊተኛው ልኩ 590፥ የሁለተኛው 559 ሚሊሜትር ስለ ሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ኢንቹን ሳይሆን በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ሚሊሜትር ማንበብ ነው።

የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የያዘው ሽብልቅ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፔዳሉ ሲረገጥ ቋ ቋ የሚል ከሆነ ሽብልቁ ላልቷል። ሥሩን ሳይደግፉ በመዶሻ የሚመቱት ሰዎች ሽብልቁን ያጣምማሉ፤ ኩሽኔታውንም ይጎዳሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሠራል። ለሥራው የተሠራ መጫኛ ያለው ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ይሻላል። የተፈታውንም ዕቃ ሁሉ በጣሳ ማኖር ይገባል፤ ራሌይ የራሱ የሆነ የጥርስ ልክ ስላለው የጠፋውን በሌላ ፋብሪካ ብሎን መተካት ያስቸግራል።

እንደ አዲስ አበባ ዳገት በበዛበት ከተማ ለሚነዳ ሰው አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። በኋላው ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 18 ጥርስ ነው። እሱን አውልቆ ባለ 22 ቢያስገባ፥ ሦስቱም ማርሾች በመቶ 18 ያህል ይቀልላሉ።

ወጣት ተማሪና አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ገንዘቡ ጥቂት ነው። እጁና ዓይኑ ግን ሙሉ ናቸው። ይህ ብስክሌት የተሠራው ተፈትቶ እንዲታይ፥ ታይቶም እንዲጠገን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን በግራሶ አቅልሞ ሞዞውን ዘይት ያጠጣ፥ ሽቦውን ያስተካከለ ወጣት፥ በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ ቢበላሽበት ቆሞ ሰው አይጠብቅም። ከብስክሌቱ ዋጋ ይልቅ ይህ ዕውቀት ስለሚበልጥ፥ አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ ጥገናውን በሙሉ ለሌላ ሰው እንዳይተው እንመክራለን።