የአባታችሁ የውርስ መዝገብ የት ነው ያለው? ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይገኛል?

እንዲህ እንበል። አባትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ቤት ትተዋል። አንቺ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነሽ። አንድ ቀን የአክስትሽ ልጅ ይደውልና «ወንድሞችሽ ወራሽነት አውጥተው ቤቱን ሊሸጡት ነው አሉ፤ ያንቺ ስም የለበትም አሉ» ይልሻል።

ችግሩ «አሉ» የምትለዋ ቃል ናት። ሁሉም ሰምቷል፣ ወረቀቱን ያየ የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወይ ሽማግሌ ይልካል፣ ወይ ጠበቃ ጋ ይሮጣል፣ ወይ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ይጣላል። ከሁሉም በፊት ግን መዝገቡን ማየት ይሻላል። ማን አመለከተ? ማን መሰከረ? ፍርድ ቤቱ ምን ወሰነ?

እኛ ሀገር ለውርስ ብቻ የተቋቋመ ፍርድ ቤት የለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በየካውንቲው «ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ» የሚባል ቢሮ አለ፤ የሟቹን ስም ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መዝገብ መኖሩን ማየት ይቻላል። (ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ዘመድ የሞተባችሁ ካላችሁ ይቺን ያዟት።) እዚህ ግን ያው በእግር ነው።

በአማራ ክልል የወራሽነት ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ ከተጠየቀበት ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነና ወገኖቹ ተስማምተው ከሄዱ ደግሞ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል።

የትኛው ወረዳ? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሞቱበት ወይም የተቀበሩበት ቦታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 826 ላይ ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው ይላል። አባትሽ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አርፈው ዘጌ ቢቀበሩም፣ ኑሯቸው ባሕር ዳር ከተማ ከነበረ ፍለጋው ባሕር ዳር ነው። ደራ ይኖሩ ከነበረ አንበሳሜ፣ ፎገራ ከነበረ ወረታ ትሄጃለሽ። ከከተማ ውጭ ከሆነ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ሥራ ላይ መሆኑንም ቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች የዕረፍት ጊዜ እንዳላቸውም አትርሺ።

የአያት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በድሮው ስም ጠይቁ። በደርግ ጊዜ ወረቀት ላይ «ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ባሕር ዳር አውራጃ» የሚል ነው የምታገኙት።

እሺ፣ መዝገብ ቤት ደረስሽ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የመዝገብ ቁጥር?» ነው። ቁጥሩ ካለሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከየት ይገኛል? ወንድምሽ ለሆነ ሰው በቴሌግራም የላከው የወራሽነት ፎቶ ላይ ይኖራል። ለባንክ ወይም ለከተማው መሬት ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ይኖራል። ፍርድ ቤቱ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል የጋዜጣ ጥሪ አስነግሮ ከሆነም እዚያ ላይ ይወጣል። የክልሉ በኩር ጋዜጣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ብዙዎቻችን የምናልፈው ገጽ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ቁጥር ከሌለሽ በስም ይፈለጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ።

መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሟች ስም አይደለም፣ በአመልካቹ ነው። «የአባቴን መዝገብ» ብለሽ የአባትሽን ስም ብቻ ከሰጠሽ «የለም» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። የወንድሞችሽን ስም እስከ አያት፣ የእንጀራ እናት ካለችም የእሷን ጨምረሽ ስጪ። የሞቱበትን ዓመትም ጨምሪ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሁለተኛው የፊደል ጣጣ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ እንደዚያው። ስሙ የሚጻፍበትን መንገድ ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ሰው ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሁሉንም እንዲገምትልሽ አትጠብቂ።

ተገኘ እንበል። «አንቺ ተከራካሪ አልነበርሽም» ሊሉሽ ይችላሉ። መልሱ አጭር ማመልከቻ ነው፦ የሟች ልጅ ነኝ፣ ውሳኔው መብቴን ይነካል፣ መዝገቡን አይቼ ግልባጭ መውሰድ እፈልጋለሁ። መታወቂያሽንና ልጅነትሽን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዢ፤ የልደት ካርድ ወይም ሌላ ያለሽን። መምጣት ካልቻልሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ፤ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል።

ስትጠይቂ የወራሽነት ወረቀቱን ብቻ አትጠይቂ። እሱ ላይ ያለው ውጤቱ ነው። ማመልከቻውን፣ ቃለ መሐላውን፣ የምስክሮቹን ቃልና ትእዛዙን ጠይቂ። «ሟች ከእነዚህ ሌላ ልጅ የላቸውም» ብሎ የማለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ጣና ዳር ላይ የምስክር ስም መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ በጎንደር ዘመን የርስት ስጦታና ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ ሲጻፍ የምስክሮቹ ስም አብሮ ይሰፍር ነበር።

ግልባጩ ማኅተም ያለበት፣ «ትክክለኛ ግልባጭ» ተብሎ የተረጋገጠ ይሁን። በስልክ ያነሳሽው ፎቶ ለራስሽ ማስታወሻ ነው እንጂ ሌላ ቢሮ አይቀበልሽም። ክፍያ ካለ በደረሰኝ ክፈዪ፤ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ የግልባጭ ክፍያ አይደለም።

ስለ ኑዛዜም ጠይቂ። ተናዛዡ በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል (ቁጥር 903)። ስለዚህ አባትሽ ጽፈው ከነበረ እዚያው ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ውርስ አጣሪ ተሹሞ ከነበረ ደግሞ የንብረቱና የዕዳው ዝርዝር ያለበት ሪፖርት አለ። ከወራሽነቱ መዝገብ ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ወረቀቱን ስታነቢው እንዳትደነግጪ። የወራሽነት ማስረጃ «ወራሹ ማን ነው» ይላል እንጂ «ቤቱ የእገሌ ነው» አይልም። ያለ ኑዛዜ ከሆነ ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ያው ልጅ ነው። ሚስት በሕጉ ወራሽ ሆና አትቆጠርም፣ ግን የጋራ ንብረት ግማሹ ከመጀመሪያውም የራሷ ነው፤ ለልጆች የሚደርሰው የአባትየው ግማሽ ነው። የገጠር መሬት ካለ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። በክልሉ አዋጅ 252/2009 የሚወረሰው የይዞታ መብት ነው፣ ደብተሩና መዝገቡ የሚገኘውም ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። የከተማውን ቤት መዝገብ ይዘሽ ስለ ማሳው መጠየቅ አይሠራም።

ጊዜው ግን ይሮጣል። ቁጥር 1000 ላይ፣ መብትሽንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቅሽ ጀምሮ ሦስት ዓመት ካለፈ የወራሽነት ክስሽ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ሳታውቂ ብትቆዪም፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ አሥራ አምስት ዓመት የመጨረሻው ነው። የአክስትሽ ልጅ የደወለበትን ቀን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው።

ሌላም አለ። ማስረጃው እስኪሰረዝ ድረስ የያዘው ሰው እንደ ወራሽ ነው የሚታየው። ምንም ሳያውቅ ከእሱ የገዛን ሰው ሕጉ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ግልባጩን ይዘሽ «ማስረጃው ይሰረዝልኝ» ብለሽ ማመልከት፣ ወይም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ማቅረብ አለ። የትኛው እንደሚሻልሽ ጠበቃ ይንገርሽ፤ አሁን ባዶ እጅሽን አይደለም የምትሄጂው። አብረሽ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ እግድ ጠይቂ፤ ከተሰጠሽ ትእዛዙን በዚያው ቀን ስም የሚዛወርበት ቢሮ አድርሺ።

መዝገብ ቤቱ ሁሉንም ስም ፈልጎ «የለም» ካለስ? ምናልባት «ወራሽነት አወጡ» የሚለው ወሬ ብቻ ነበር። እንደዚያ ከሆነ አንቺው አመልክተሽ መዝገቡን መክፈት ትችያለሽ፤ ወንድሞችሽንም ጨምረሽ።